ፎርጅድ ብር እጃችሁ ሲገባ



ዛሬ ጁሙዓ ነው። ብዙዎቻችሁ ሱረቱል ከህፍን ቀርታችኋል፣ ያልቀራችሁም እስከ መግሪብ ጊዜ አላችሁ። እስቲ ስትቀሩ የዋሻው ወጣቶች ከነቁ በኋላ ያለችውን ቦታ ቆም ብላችሁ አስተውሏት። ምን ያህል እንደተኙ ከተነጋገሩ በኋላ ከመካከላቸው አንዱን የብር ገንዘብ አስይዘው ወደ ከተማ ይልኩታል። ንጹሑን ምግብ መርጦ እንዲያመጣ፣ ገር እንዲሆን፣ ማንም ስለነሱ እንዳያውቅ አደራ ይሉታል። ሙፈሲሮች እንደሚያወሱት ምስጢራቸውን ያወጣው ያው ገንዘብ ነበር። ከገበያ የጠፋ፣ የቀድሞ ንጉሥ ሳንቲም ስለነበር ሻጩ አገላብጦ አየውና «ይህን ከየት አመጣኸው?» አለ።

እኔ ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ያ ሻጭ ይገርመኛል። ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት አየው። እኛ ስንቶቻችን እናያለን?

ዛሬ ስለ ፎርጅድ ብር እንነጋገር። «በጁሙዓ ቀን ይህ ምን አመጣው?» የሚል አይጠፋም። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ጁሙዓ ሶላቱ ሲያልቅ በምድር ላይ ተበተኑ፣ ከችሮታውም ፈልጉ ብሎናል። ከመስጂድ ወጥታችሁ የምትበተኑት ወደ ሱቅ፣ ወደ ታክሲ፣ ወደ ጀበና ቡና፣ ወደ ልብስ ንግድ ነው። እዚያ ደግሞ በቀን መቶ ጊዜ ብር ትቀበላላችሁ፣ መቶ ጊዜ ትሰጣላችሁ።

የራሴን ልንገራችሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ መርካቶ አጎቴ ሱቅ እሠራለሁ። ረመዷን ነው፣ መግሪብ ሊደርስ ጥቂት ደቂቃ ቀርቷል፣ ተምር ገዢው ተሰልፏል። በዚያ ግርግር 200 ብር ተቀበልኩ። ማን እንደሰጠኝ ዛሬም አላውቅም። ማታ አጎቴ ሲቆጥር አንዷን ኖት ነጥሎ በጣቱ አሻት፣ ወደ አምፖሉ አነሳት፣ «ይቺ ፎርጅድ ናት» አለና መደርደሪያ ላይ አስቀመጣት። ሌላ ቃል አልተናገረም። በሱቃችን ልማድ ግን ካሽ ላይ የጎደለ ከያዘው ሰው ይቆረጣል። ያን ጊዜ 200 ብር ለኔ ብዙ ነበር።

ተራዊሕ ሰግደን ስንወጣ ብሯ ኪሴ ውስጥ ነበረች። መንገድ ዳር በአንዲት ትንሽ መብራት ሽንኩርትና ቲማቲም የሚሸጡ እናት አሉ። የ60 ብር ሽንኩርት ገዛሁ፣ 200ዋን ሰጠኋቸው፣ 140 ብር መልስ ቆጥረው ሰጡኝ። «አላህ ይስጥልኝ» ብዬ ሄድኩ። አስቡት፣ ከተራዊሕ ነው የወጣሁት።

በማግስቱ አጎቴ «ያቺ ብር የት ሄደች?» ሲለኝ «ጣልኳት» አልኩት። አንዱ ኃጢአት ሌላውን ጠራ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ከዐስር በኋላ በሚሰጥ ደርስ ላይ ኡስታዛችን ከኢማም አል-ገዛሊ «ኢሕያእ» የንግድን ክፍል አስተማረን። አል-ገዛሊ በ505 ሂጅሪያ፣ በፈረንጆች 1111 የሞቱ ናቸው። የወረቀት ብር አላዩም። በዘመናቸው ግን ብር ሳይሆን መዳብ የሆነ፣ ላዩ ብቻ የተቀባ ዲርሃም ነበር፣ «ዘይፍ» ይባላል። ስለዚህ ዘይፍ የጻፉት ዛሬ ለኛ የተጻፈ ይመስላል።

የሚሉት በአጭሩ እንዲህ ነው። አንድን ሐሰተኛ ዲርሃም መስጠት መቶ ዲርሃም ከመስረቅ ይከፋል ያሉ አሉ። ለምን? ስርቆት አንድ ጊዜ ተሠርቶ ያበቃል። ሐሰተኛው ገንዘብ ግን አያበቃም። የተቀበለው ሰው ሳያውቅ ይሰጠዋል፣ ወይም አውቆ እንደኔ በሌላው ላይ ይጥለዋል፣ ያኛውም በሌላው ላይ። መንገዱን የከፈተው ሰው ሞቶ ከተቀበረ በኋላ እንኳ ገንዘቡ ከእጅ ወደ እጅ እስከሄደ ድረስ ወንጀሉ ይጻፍበታል። ሰው ሲሞት ኃጢአቱም አብሮት ቢሞት እንዴት የታደለ ነው! ወዮለት ግን እሱ ሞቶ ኃጢአቱ ለሚቀር።

አል-ገዛሊ አንድ ታሪክም ያወሳሉ። አንድ ዘማች ጠላቱን ለመግጠም ፈረሱን ሲያስነሳ ፈረሱ ደጋግሞ ወደኋላ አለበት፣ ከዚያ በፊት እንዲህ አድርጎት አያውቅም። አዝኖ ተኛ። በሕልሙ ፈረሱ ተናገረው፦ ትናንት መኖዬን የገዛህበት ዲርሃም ሐሰተኛ ነበር፣ ታዲያ እንዴት ታምነኛለህ? ሰውየው ደንግጦ ነቃ፣ ወደ መኖ ሻጩ ሄዶ ዲርሃሙን ለወጠለት። ሕልም ነው፣ ሕግ አይወጣበትም። ግን የኔ ሽንኩርት ትዝ አለኝ። ያን ሌሊት ለሱሑር በልተነዋል።

እኔን የበለጠ የነካኝ ሌላ ነው። አል-ገዛሊ ነጋዴ ገንዘብ መለየትን መማር ግዴታው ነው ይላሉ። የሚማረውም እንዳይታለል ብቻ ሳይሆን ሳያውቅ ለሌላው ሐሰተኛ እንዳይሰጥ ነው። ባለማወቁ የሰጠ ሰው መማር ሲገባው ባለመማሩ ይጠየቃል። ስለዚህ «አላውቅም ነበር» ሁልጊዜ ምክንያት አይሆንም። ያን ቀን በግርግር ስቀበል ሳላይ ኪስ መክተቴ ራሱ የኔ ጥፋት ነበር።

በነገራችን ላይ በዐረብኛ ጥሬ ገንዘብም፣ ገንዘብን ፈትኖ መለየትም «ነቅድ» ነው። የሐዲስ ሊቃውንት ትክክለኛውን ሐዲስ ከተፈበረከው መለየትንም በዚሁ ቃል ነው የጠሩት፣ ራሳቸውንም ከገንዘብ መንዛሪው ጋር ያመሳስሉ ነበር። በየጁሙዓው በስልካችሁ «ይህን ለአሥር ሰው ላኩ» እያለ ስለሚመጣው ምንጭ የሌለው ሐዲስ አስቡ። ተቀብሎ ሳያዩ ማሳለፍ እዚያም አለ። ይህ ግን የሌላ ጁሙዓ ርዕስ ነው።

አሁን ወደ ትምህርቱ። እንዴት ነው የሚለየው?

ሙስሊሞች መጀመሪያ የሮምን ወርቅና የፋርስን ብር ነበር የሚጠቀሙት። በ77 ሂጅሪያ አብዱልመሊክ ኢብኑ መርዋን ሥዕል የሌለበት፣ ጽሑፍ ብቻ ያለበት ዲናር አስመታ፣ ክብደቱ 4.25 ግራም ገደማ። ያን ጊዜ መለያው ሚዛንና የብረቱ ጥራት ነበር። በአገራችን ደግሞ አባቶቻችን በማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ሲነግዱ የንግሥቲቱን ጌጥ ዕንቁዎች አንድ በአንድ ቆጥረው ነበር የሚቀበሉት። ያ ብር መቼም ይመታ መች 1780 የሚለው ዓመት አይለወጥበትም፣ ስለዚህ ዓመቱን ማየት አይረዳም፣ ነጥቡን ማየት ግን ይረዳል። ሰዎቹ ፊደል ያልቆጠሩ ነበሩ ብለን እንንቃቸዋለን እንጂ ከኛ ይልቅ ገንዘባቸውን ያውቁ ነበር።

የወረቀት ብር መለያው ሌላ ነው። አገራችን መስከረም 4 ቀን 2013 አዲሶቹን 10፣ 50 እና 100 ብር፣ ለመጀመሪያ ጊዜም 200 ብርን ይፋ ስታደርግ አንዱ ዓላማ ሐሰተኛና ሕገወጥ ገንዘብን መከላከል ነበር። መለያዎቹን ለመማር ጥሩው መንገድ ከባንክ በቀጥታ ያወጣችሁትን አንድ 100 እና አንድ 200 ይዛችሁ መቀመጥ ነው። ፎርጅዱን ሳይሆን እውነተኛውን አጥኑ። ሐሰተኛው በየጊዜው መልኩን ይለዋውጣል፣ እውነተኛው ግን አንድ ነው።

መጀመሪያ እጃችሁ ይሥራ። የገንዘብ ወረቀት እንደ ደብተር ወረቀት ከእንጨት አይሠራም፣ በአብዛኛው ከጥጥ ነው። ጠንካራ ነው፣ ስታንኳኩት ይንሿሿል። ዋናው ሥዕልና ጽሑፍ በከባድ ጫና ስለሚታተም ቀለሙ ከወረቀቱ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ በአውራ ጣታችሁ ጥፍር ቀስ ብላችሁ ብታሹት ሸካራነቱ ይሰማል። በፕሪንተር የወጣ ልሙጥ ነው። አጎቴ መጀመሪያ ያሻት ለዚህ ነበር። ያረጀ ብር ሸካራነቱ እየጠፋ ስለሚሄድ ግን በዚህ ብቻ አትፍረዱ።

ቀጥሎ ወደ ብርሃን አንሱት። እውነተኛ ኖት ውስጥ ወደ ብርሃን ሲነሳ ብቻ የሚታይ ምስል አለ። ይህ ምስል አልታተመም፣ ወረቀቱ ሲሠራ አንዱ ቦታ ሳስቶ ሌላው ወፍሮ የተፈጠረ ነው። ስለዚህ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ይደበቃል፣ ሲነሳ ከሁለቱም ጎን ይወጣል፣ ጥላውም ቀስ በቀስ ከደማቅ ወደ ፈዛዛ ይሄዳል። ፎርጅድ ሠሪዎች በፈዘዘ ግራጫ ቀለም ያትሙታል፣ ስለዚህ ሳይነሳም ይታያል፣ ጠርዙም ቁርጥ ያለ ነው። የደህንነት ክሩም እንዲሁ ነው። በወረቀቱ ሆድ ውስጥ የተቀበረ ነው እንጂ ላዩ ላይ የተሰመረ ወይም የተለጠፈ አይደለም። በጥፍር ሲነካ የሚላጥ ከሆነ ያው ነው።

ከዚያ ዘቅዘቅ ቀና አድርጉት። በትላልቅ ኖቶች ላይ ማዕዘኑ ሲለዋወጥ ቀለሙ የሚለወጥ ክፍል አለ። ኮፒ ማሽን ቀለምን ይገለብጣል፣ መለዋወጡን ግን መገልበጥ አይችልም። ይህን ቀን በቀን የሚሠራ ሰው ሦስት ሰከንድ አይፈጅበትም፦ ማሸት፣ ማንሳት፣ ማዘንበል።

ስለ መብራቷ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ይሳሳትባታል። ሱቅ ውስጥ ያለችው ሐምራዊ መብራት ስር ተራ ወረቀት ነጣ ብሎ ያበራል፣ ምክንያቱም ተራ ወረቀት ውስጥ ማንጫ ኬሚካል አለ። የገንዘብ ወረቀት ደብዛዛ ሆኖ ይቀራል፣ የሚያበሩት የተመረጡ ምልክቶች ብቻ ናቸው። ነገር ግን በልብስ ኪስ ተረስቶ በኦሞ የታጠበ እውነተኛ ብርም ሊያበራ ይችላል፣ ዱቄት ሳሙና ውስጥ ያው ማንጫ ስላለ። ስለዚህ መብራቷ ስላበራች ብቻ ሰውን «ሌባ» አትበሉ። ሌሎቹን ምልክቶች አይታችሁ ፍረዱ።

ከውጭ ዘመድ ዶላር ለሚልክላችሁ፦ ከ2013 ጀምሮ (በፈረንጆች) የወጣው 100 ዶላር ላይ በወረቀቱ ውስጥ የተፈተለ ሰማያዊ ሰፊ ጥብጣብ አለ፣ ሲዘነብል ደወሎችና 100 ቁጥር ይንቀሳቀሱበታል። ቀለም ዕቃው ውስጥ ያለችው ደወል ከመዳብ ቀለም ወደ አረንጓዴ ትለወጣለች። በብርሃን የሚታየው ፊትም ከፊት ለፊት ካለው የፍራንክሊን ፊት ጋር አንድ መሆን አለበት። ይህን የምላችሁ ትንሽ ዋጋ ያለውን እውነተኛ ዶላር ቀለሙን አጥበው ትልቅ ቁጥር የሚያትሙበት ስለሚኖሩ ነው። ወረቀቱ እውነተኛ ስለሆነ እስክሪብቶ የሚመስለው መፈተሻ አይዘውም፣ የሚይዘው በብርሃን የሚታየው ፊት ነው። «ጥቁር ዶላር አጥበን እናባዛለን» የሚላችሁ ሰው ዘንድ ግን መፈተሻም አያስፈልጋችሁም፣ ሽሹ።

ቁጥሩንም አትርሱ። እያንዳንዱ ኖት የራሱ መለያ ቁጥር አለው። ፎርጅድ ሠሪ አንዱን ገልብጦ ስለሚያበዛ ሁለት ኖት አንድ ዓይነት ቁጥር ይዞ ከመጣ ቢያንስ አንዱ ሐሰተኛ ነው። ሐሰተኛ ብር በእስር መካከል፣ በማታ፣ በችኮላ ሊመጣ ይችላል። የሚቸኩላችሁ ሰው ሁሉ አታላይ አይደለም፣ እናንተ ግን አትቸኩሉ።

ዛሬ ደግሞ ወረቀት የሌለው ፎርጅድ መጥቷል። ደንበኛው «ልኬልሃለሁ» ብሎ ከስልኩ የባንክ መልእክት ያሳያችኋል፣ መልእክቱ ራሱ የተሠራ ነው። የሰው ስልክ ላይ ያለ ማስረጃ ማስረጃ አይደለም፣ የራሳችሁን ሒሳብ አይታችሁ ዕቃውን ስጡ።

ስትፈትሹ አደብ ይኑራችሁ። የሰጣችሁ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እንደናንተው የተታለለ ነው። ብሩን በፊቱ እዩት፣ ከተጠራጠራችሁ «አባባ አይከፉብኝ፣ ይቺን ይቀይሩልኝ» ማለት ይበቃል። ካልተቀበላችሁት ገና የናንተ አልሆነም። የተቀደደና በፕላስተር የተያያዘ እውነተኛ ብር ግን ፎርጅድ አይደለም፣ ባንክ ይቀይረዋል። እሱንም ቢሆን አጣጥፋችሁ በእስር መካከል አትደብቁ፣ አሳይታችሁ ስጡ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ እህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ከተው ውስጡ ርጥብ ሆኖ ሲያገኙት ሻጩ ዝናብ መትቶት እንደሆነ ነገራቸው። እሳቸው የጠየቁት ዝናቡን ሳይሆን ርጥቡን ለምን ሰው እንዲያየው ላይ እንዳላደረገው ነበር። ያታለለ ከእኛ አይደለም የሚለው ከባድ ቃል የመጣው እዚያ ላይ ነው።

አንዴ እጃችሁ ከገባና ፎርጅድ መሆኑን ካወቃችሁ ግን መንገዱ አንድ ነው፣ እናንተ ጋ ይቁም። አል-ገዛሊ ማንም በማያገኘው ጉድጓድ ውስጥ ይጣል ነው ያሉት። የዘመናችን ጉድጓድ ባንክ ወይም ፖሊስ ነው። ባንኩ በእውነተኛ አይቀይርላችሁም፣ ኪሳራው የናንተ ነው፣ ይህን አስቀድማችሁ እወቁት። እያወቁ ማሳለፍ በአገሪቱ ሕግም ወንጀል ነው። «ፎርጅድ መሆኑን ነግሬው በግማሽ ዋጋ ሰጠሁት» የሚልም አለ። አል-ገዛሊ ይህንንም አስበውታል። ተቀባዩ ሌላውን ሊያታልልበት ካልሆነ ለምን ይወስደዋል? ነግሮ መስጠት ከእርዳታው ተጠያቂነት አያድንም።

ያን ደርስ የሰማሁ ዕለት እናቲቱ ጋ አልሄድኩም። አፈርኩ። ዒድ አልፎ፣ ሌላ ሳምንትም አልፎ ነው 200 ብር ይዤ የሄድኩት። እዚያው ቦታ አገኘኋቸው። ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፣ እሳቸው ግን ግር አላቸው።

«ልጄ፣ እኔ እኮ ፎርጅድ ብር ነው ብሎ የመለሰብኝ ሰው የለም» አሉኝ። «ማታ የሸጥኩትን ሌሊት ለአትክልት ተራ ነው የምከፍለው። ዓይኔም ለእንዲህ ያለው አይረዳኝም።»

ገንዘቡን ብሰጣቸው እንቢ አሉ። «ያልከሰርኩትን ምን ብዬ ልቀበል?»

ያን ጊዜ ነው የአል-ገዛሊ ነገር የገባኝ። የበደልኳቸው እናት አልከሰሩም። የከሰረው ማን እንደሆነ አላውቅም፣ ምናልባት ገና አልከሰረም። ብሯ እየሄደች ነው። ኡስታዙን ጠየቅኩት። ባለቤቱ ካልታወቀ በሱ ስም ሶደቃ ስጥ፣ አንድ ቀን ከታወቀ ክፈለው፣ ተውበትህን ከአላህ ጋር ጨርስ አለኝ። ሰጠሁ። ለአጎቴም እንዳልጣልኳት ነገርኩት። ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ «200ዋን እኮ እኔ እችላት ነበር» አለኝ። ከደሞዜ ሊቆርጥ እንኳ አላሰበም ነበር።

የብሯ መለያ ቁጥር የመጨረሻ ሦስቱ 417 ነበሩ። ሱቅ ውስጥ አይቼው ስለነበር ይሁን ሌላ፣ እነዚያ ብቻ ቀርተውብኛል። አሁንም 200 ብር በተቀበልኩ ቁጥር አሸዋለሁ፣ አነሳዋለሁ፣ አዘነብለዋለሁ፣ ከዚያም ቁጥሩን አያለሁ። እስከዛሬ አልመጣችም።

ጁሙዓ ሙባረክ።